የአይዛክ ዳንኤል ድንጋይ

የመጀመሪያውን ቀን ሥራዬን ያበላሸሁት ገና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ነው። አሠሪዬ ሚስ ቬርና አንድ ክምር ፋይል ሰጥታኝ «በስም ተራ ደርድርልኝ» አለችኝ። እኔም እንዳገሬ ልማድ በሰውየው ስም ደረደርኳቸው፤ ሮበርትን ከሮበርት፣ ዊሊያምን ከዊሊያም ጋር። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ መጥቶ ፋይሉን ብትፈልግ አጣችው።

«ሃሪሰን የት ገባ?» አለችኝ።

«ሮበርት ሃሪሰን ከሆነ ሮበርቶቹ ጋ ነው» አልኳት።

ፋይሎቹን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ሚስተር ወልዴ፣ እዚህ አገር ሰው የሚፈለገው በመጨረሻ ስሙ ነው» አለች። ወልዴ አባቴ ነው፤ እኔ ዓለማየሁ ነኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚጠራው አባቴ፣ አቤት የምለው ግን እኔ ሆንኩ።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ቢሯችን ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ውስጥ፣ ከካውንቲው፣ ማለት ከወረዳው፣ ፍርድ ቤት አጠገብ፣ ከአንድ የቡትስ ጫማ ጠጋኝ በላይ ነበር። ሁለት ክፍል፣ በፊልም የተቀዳ የድሮ መዝገብ የሚነበብበት አንድ የማይክሮፊልም ማሽን፣ አንድ የማይሠራ ማቀዝቀዣ። በበጋ የጫማው ማስቲሽ ሽታ ከታች እየወጣ ራሳችንን ያዞረን ነበር።

ሥራችን የሰው የዘር ሐረግ መፈለግ ነው። ብዙዎቹ ደንበኞቻችን የድሮ ወታደር ዘር መሆናቸውን አስመስክረው የወታደር ልጆች ማኅበር ውስጥ መግባት የሚፈልጉ ነበሩ። ለዚህ የሚያዋጣው ሁለት ዓይነት መዝገብ ነው፤ የመሬትና የጦር። ተራ ሰው ታሪኩን አይጽፍም። መሬት ከገዛ ግን ውል ይኖራል፣ ግብር ይኖራል። ከዘመተ ደግሞ ጡረታ ጠይቋል፤ እሱ ቢሞት ሚስቱ ጠይቃለች። አገሪቱ ገና ስትቆም ደግሞ መንግሥት ገንዘብ ስላልነበረው ለወታደሩ ደመወዝ በመሬት ይከፍል ነበር። ስለዚህ ጦሩን የያዘ መሬቱን ያገኛል፣ መሬቱን የያዘም ጦሩን።

ለእኔ ነገሩ እንግዳ አልነበረም። ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ባላገር ርስት ለመካፈል ችሎት ፊት ቆሞ እስከ ምንጅላቱ ሲቆጥር ስሰማ ነው ጢም ያበቀልኩት። ለሚስ ቬርና «እኛ ጋ ዘር የሚቆጠረው መሬት ለማግኘት ነው፤ እናንተ ግን መሬቱን ሸጣችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ደረት ላይ ለሚሰካ ቁራጭ ብረት ትቆጥራላችሁ» አልኳት። ሳቀች። ደንበኛ ፊት ግን እንዳትደግማት አለችኝ።

ሚስ ቬርና ራሷ የካውንቲ ጸሐፊ የነበረች፣ ሲጋራ ከከንፈሯ የማይወርድ ቀጭን ሴት ናት። መዝገብ ፊት እስክሪብቶ አታስነካም፤ እርሳስ ብቻ። ስሙ ተሳስቶ ቢጻፍም እንደተሳሳተ ገልብጥ ትላለች። «ጁኒየር» የሚል ስታይ ልጁ ነው ብለህ አትመን፤ ያን ጊዜ በአንድ መንደር ሁለት ጆን ካሉ ትንሹን ጁኒየር ይሉታል፣ ባይዛመዱም። ከሁሉ በላይ የምትደጋግመው ግን «ሰውየው ከጠፋብህ ጎረቤቱን ፈልግ» የምትለውን ነው።

አንድ የቤድፎርድ ሰው ነበር። ቅድመ አያቱ ጄኔራል እንደነበር ከልጅነቱ ሲነገረው አድጎ፣ ለሳሎኑ ሥዕል ሳይቀር አሠርቷል። ብንፈልገው ተራ ወታደር፣ ያውም ከድቶ የጠፋ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ፊቱ ቀላና «እንግዲያው ሌላ ፈልጉልኝ» አለ። ሚስ ቬርና «አያት አይቀየርም» ብትለው ባርኔጣውን እንኳ ረስቶ ወጣ። ዘር ከልጓም ይስባል፤ እሱም ሸሸ።

የሚያስቅ ቀን ግን ጥቂት ነበር። ብዙውን ጊዜ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የሙታን ወሬ ነው የማነበው። የሟች ንብረት ሲቆጠር የተጻፈ ዝርዝር ላይ ከበቅሎው በታች፣ ከማረሻው በላይ የሰው ስም አገኛለሁ። ሱኪ። ጆ። ሕፃን። የአባት ስም የለም፤ ከጎኑ የባሪያ ዋጋ ግምት ብቻ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ማሽኑን አጥፍቼ ደረጃው ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ እየለመድኩት መጣሁ፤ መልመዴ ራሱ ደስ አላለኝም።

ሚስተር ክላረንስ ዳንኤል የመጡት በየካቲት፣ መንገዱ በረዶ በያዘበት ቀን ነው። ግራንድ ፕሬሪ ከተማ መጋዘን ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ኩላሊታቸው ታሞ በማሽን ነበር የሚኖሩት። ሴት ልጃቸው ሎሬታ ክንዳቸውን ይዛ ደረጃውን አወጣቻቸው።

የፈለጉት ቀላል ነበር። ቅድመ አያታቸው አይዛክ ዳንኤል በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ አላባማ ውስጥ ከባርነት አምልጦ፣ ባርነትን ለሚወጋው ለሰሜኑ ጦር ዘምቷል ይባላል። ከጦርነቱ በኋላ ቴክሳስ መጥቶ መሬት ገዛ፤ በዚያው መሬት ጥግ ተቀበረ። መቃብሩ ላይ ምንም የለም፤ ሣር ነው። የድሮ ወታደሮችን መቃብር የሚንከባከብ አንድ ማኅበር ደግሞ መዝመቱ ከተረጋገጠ ድንጋይ እተክላለሁ ብሏል።

«እኔ ስሞት ከሱ ጎን ነው የምቀበረው» አሉ። «ከዚያ በፊት ስሙን ድንጋይ ላይ ማየት እፈልጋለሁ። ሌላ አልጠይቅም።»

የመሬቱን ውል ቶሎ አገኘሁት። አይዛክ ዳንኤል መጻፍ ስለማይችል በመስቀል ምልክት ፈርሟል፤ ሰሎሞን ሪድ የሚባል ጎረቤቱ ምስክር ነው። የጦሩ መዝገብ ውስጥ ግን አይዛክ ዳንኤል የሚባል ወታደር የለም። ፊልሙን ደጋግሜ አዞርኩት። ዳንኤሎች ሞልተዋል፤ አይዛክ የለም። ሚስተር ዳንኤል በየሳምንቱ ይደውላሉ፤ ድምፃቸው እየደከመ ሄደ። «ገና ነው» ማለት አፈርኩ።

አንድ ማታ ካሮልተን እቤቴ እራት ላይ ባለቤቴ አስቴር እየሳቀች ጀመረች።

«ዛሬ ከስኩል ኮል አድርገው ነበር። ልጅቷን ፒክ አፕ ልታደርግ ስትሄድ አይዲህን ያየችው ሴትዮ፣ ስቴፕ ፋዘሯ ነው ወይ ትለኛለች!»

«እንጀራ አባቷ? ለምን?»

«ላስት ኔማችሁ አይገጥማማ! አንተ ወልዴ፣ እሷ ዓለማየሁ። ማለቴ፣ የኛ አገር ላስት ኔም የአባት ስም ነው ብዬ ኤክስፕሌን አደረኩላት። ኦኬ አለችኝ፤ ግን የገባት አይመስለኝም።»

እሷ ስትስቅ እኔ ጉርሻዬን ይዤ ቀረሁ። ዳንኤልን እስካሁን የቤተሰብ ስም አድርጌ ነበር የምፈልገው። የአባቱ ስም ቢሆንስ? አይዛክ፣ ማለት ይስሐቅ፣ የዳንኤል ልጅ። እንደኛ።

በማግስቱ ለሚስ ቬርና ነገርኳት። ሲጋራዋን እያጠፋች «እሱ ያንተ አገር ልማድ ነው። አላባማ ውስጥ ለተወለደ ሰው ማስረጃ አይሆንም» አለች። ትክክል ነበረች። ትንሽ አሰበችና «ግን ይሄ ምስክሩ፣ ሪድ፣ ዘምቷል?» አለችኝ። ዘምቷል። የሪድን ሻለቃ ይዘን የወታደሮቹን ስም አንድ በአንድ ወረድን። አንድ አይዛክ ተገኘ፤ አይዛክ ስትራውድ። ጡረታ የጠየቀው ደግሞ ከቴክሳስ ነው። ፋይሉን ከዋሽንግተን በፖስታ አዘዝን።

የመጣው በግንቦት ነው። የጡረታ መርማሪው ሁለት ስም ያለህ ለምንድን ነው ብሎ ይጠይቀዋል። መልሱ በጸሐፊው እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «ጦሩ ውስጥ ስገባ የማን ነህ አሉኝ፤ የስትራውድ አልኩ፤ እንደዚያው ጻፉኝ። ስትራውድ የገዛኝ ሰው ነው። አባቴ ዳንኤል ይባል ነበር፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አላየሁትም፤ ሸጠውታል። ነፃ ስወጣ ስሙን ያዝኩ።»

ሚስ ቬርና አንብባ መነጽሯን አወለቀች። ሄዳ መስኮቱን ከፈተች።

ግራንድ ፕሬሪ ድረስ ይዤው ሄድኩ። ሚስተር ዳንኤል ወንበራቸው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ነበር፤ ውጭ ሙቀቱ ሰው ያቃጥላል። ሎሬታ ስታነብላቸው «አባቴ ዳንኤል ይባል ነበር» የምትለዋን ደግሚልኝ አሉ። ደገመችላቸው። እንደገና ደግሚልኝ አሉ። እኔም ደስ ብሎኝ «ባገራችን፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል» አልኳቸው። እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ። በዚህ ሥራ በቆየሁበት ዘመን እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደስታው ሳምንት እንኳ አልቆየም። ማኅበሩ ማስረጃውን ተቀበለና ደንቡን ነገረን፤ ድንጋዩ ላይ የሚቀረጸው ወታደሩ በዘመተበት ስም ብቻ ነው። አይዛክ ስትራውድ። ሚስ ቬርና ስልኩ ላይ ጮኸች። ሁለቱንም ስም ጻፉ አለቻቸው። የማኅበሩ ሰው በትሕትና፣ ለአንዱ ከፈቀድን ለሁሉም ነው አላት።

ይህን ለሚስተር ዳንኤል ቤታቸው ሄጄ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ያልከኝ አንተ ነህ» አሉ። «የትኛው ስም?»



ሎሬታ ጣልቃ ገባች። «አባዬ፣ ድንጋይ እኮ ነው። መዝመቱ ይታወቅለት። ልጆቼ ሄደው ሣር ብቻ ነው የሚያዩት።»

«ሣሩ አይዋሽም» አሏት። «ከዚያ ስም ለማምለጥ ነው ጠመንጃ ያነሳው። እኔ መልሼ አላስረውም።»

«እኔስ? አንተ ስትሄድ ቦታውን በምን አሳያቸዋለሁ?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሷ እያለቀሰች ወደ ጓዳ ገባች። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ እኔ መሐል ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ጥያቄው እንዲቆም ለማኅበሩ ነገርንላቸው።

ሚስተር ዳንኤል በነሐሴ አረፉ። ቀብሩ ላይ ሚስ ቬርናና እኔ ከኋላ ቆምን። መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከአጥሩ ወዲያ አዲስ መጋዘን ይሠራል፤ ማሽኑ ለጸሎቱ እንኳ አልቆመም። ከአዲሱ ጉድጓድ ጎን የአይዛክ ቦታ እንደነበረው ሣር ነው። ሽማግሌው የለመኑኝን አንዲት ነገር ሳላደርስ ቀበርኳቸው።

በዓመቱ ሎሬታ ደወለችና ና እይ አለችኝ። ከሥራ በፊት በጠዋት ሄድኩ። ሁለት ድንጋይ ቆሟል። አንዱ እሷ ለአባቷ ያስተከለችው፤ «ክላረንስ ዳንኤል» ይላል። ከጎኑ ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ የወታደር ድንጋይ፤ «አይዛክ ስትራውድ» ይላል።

«የማኅበሩን ወረቀት ፈረምኩ» አለችኝ ሳታየኝ። «መጋዘኑ እየተጠጋ ነው። ሣር ብቻ ከሆነ አንድ ቀን አስፋልት ያለብሱታል። ድንጋይ ያለበትን አይደፍሩም ብዬ ነው።» ቀጥላም «አባቴ ይቅር የሚለኝ ይመስልሃል?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። አላውቅም ነበር። ልቆጣትም ፈለግሁ፣ ላቅፋትም ፈለግሁ፤ አንዱንም ሳላደርግ ቆምኩ። መቃብሩን አድናለች። አይዛክን ግን ሸሽቶት ለነበረው ጌታው መልሳ ሰጥታዋለች፤ እሷም ታውቀዋለች።

ሁለቱን ድንጋዮች ትኩር ብዬ አየኋቸው። ቅድመ አያትና የልጅ ልጅ ልጅ ጎን ለጎን ተኝተው ባዳ ይመስላሉ። ሎሬታ ካለፈች በኋላ አንድ እንደኔ ያለ የዘር ሐረግ ፈላጊ እርሳሱን ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱንም ስም በጥንቃቄ ይገለብጣል፤ ዝምድና የላቸውም ብሎም ይጽፋል። ሥራውን በትክክል የሠራ ይመስለዋል።

በዚህ ሙያ ለምትሰማሩ የምነግራችሁ ይህን ነው። የመቃብር ስም ከመገልበጣችሁ በፊት ድንጋዩን ማን እንዳስተከለው ጠይቁ። የሚጠየቅ ሰው በሕይወት እያለ ጠይቁ።