በማዶ ሰዓት የጮኸው ስልክ

ይህ የደረሰብኝ አምና ነው፤ ሰሊጥ ታጭዶ ባለቤቴ ሽንፋ በኩል ካለው ማሳችን ላይ በከረመበት ሰሞን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁትም። የማንም ሰው ስልክ በአጠገቤ ጮክ ብሎ ሲያስታውስ አሁንም ደሜ ይፈላል።

የምኖረው መተማ ዮሐንስ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በመኸር ደግሞ የሰሊጥ መውቂያ ሸራና የተቀደደ ጆንያ እሰፋለሁ። ከእኔ ጋር የባለቤቴ እናት እማማ ዘውድነሽ ይኖራሉ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት በቀር ምንም አያዩም። ምላሳቸውን ግን ምንም አልጋረደውም።

ትርንጎ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። እዚሁ ተወልዳ አድጋ፣ ጎንደር ገብታ ልብስ መሸጫ ከከፈተች ቆይታለች። ክረምት ላይ እናቷን ልትጠይቅ መጣች። ከእናቷ ጋር ካወራችው ይልቅ ስልኳን የጎረጎረችው ይበልጣል። ልትሄድ ስትል ወደ እኔ ዞረች።

«እስቲ ስልክሽን ስጭኝ።»

«ምን ሊያደርጉበት ነው እቴቴ?» አልኳት። ያኔ አንቱ እላት ነበር።

«አስታዋሽ ልጭንልሽ ነው። የእማየን ነገር እንዳትረሽው።»

እኔ ረስቼ አላውቅም። የደም ግፊት ክኒናቸውን፣ ምሳቸውን፣ የእግራቸውን መታጠቢያ ውሃ ማንም ሳያስታውሰኝ ሳደርግ ኖሬያለሁ። ግን የባል ታላቅ እህት ናትና ዝም ብዬ ሰጠኋት። ነካካችው፣ ነካካችውና መለሰችልኝ። ከዚያ በኋላ እሷ ጎንደር ቁጭ ብላ በኢንተርኔት የምትሞላው ትእዛዝ እኔ ቤት ይጮህ ጀመር።

«ክኒን ስጭ።» «ውሃ አጠጭ።» «ከፀሐይ አግቢ።» ያደረግሁትን ሁሉ «ተከናውኗል» የሚለውን እየነካሁ ማሳየት ነበረብኝ። ያልነካሁት እንደሆነ ማታ ላይ ትደውላለች። ስልኩ ለቅሶ ቤት ጮኸብኝ፤ ቅዳሴ ላይ ጮኸብኝ፤ ደንበኛ ስለካ ጮኸብኝ። በገዛ ቤቴ ተቆጣጣሪ የተሾመብኝ ሠራተኛ ሆንኩ።

እማማ መጀመሪያ ላይ ይሥቁ ነበር። «ጥጃ አደረገችኝ እኮ፤ ጠጭ ሲሏት የምትጠጣ» ይላሉ። ውሎ አድሮ ግን ለመዱት። እንዲያውም ወደዱት። «ልጄ አሰበችኝ» ማለት ጀመሩ። ክኒኑን ይዤ ስቀርብ «ቆይ፣ ትርንጎ አልጠራችም» ይሉኛል። ይኼ ከሁሉም በላይ አንገበገበኝ።

ኅዳር ላይ ገንዳ ውሃ ከተማ ዓይን በነጻ የሚያክሙ ሐኪሞች መጡ ተባለ። ሞራ የሚገፍፉ ናቸው። እማማን ወስጄ አስመረመርኳቸው፤ ይድናሉ አሉን። ለቀዶ ሕክምናው የተቀጠሩት ሐኪሞቹ ሥራ በሚጨርሱበት በመጨረሻው ቀን ነበር። በዚያ ሰሞን መንገዱ ስለሚያሰጋ መኪኖች ተጠባብቀው አንድ ላይ ነበር የሚወጡት። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከመናኸሪያ ይነሣሉ፤ ያመለጠው ለነገ ነው።

ይህን ለትርንጎ ነገርኳት። ምን አገባኝ ብዬ ዝም ብል ኖሮ! ወዲያው ሞላችው፦ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ «ተነሽ»፣ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ «እማየን አሳፍሪ»።

እማማ ማታውን ታጥበው፣ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ነው የተኙት። «አንችን ነው መጀመሪያ የማየው» አሉኝ። እኔም እንደ ልጅ ደስ አለኝ፤ ያን ቀን የማደርገውን ሻሽ ሳይቀር መርጬ አስቀመጥኩ።

ሲነጋጋ ወፍ ሲንጫጫ ነቃሁ። «እማማ፣ እንነሣ መሰለኝ» አልኳቸው።

እሳቸውም ነቅተው ኖሯል። «ተኝ፣ ገና ነው። ትርንጎ አልጠራችንም፤ እሷ አትሳሳትም» አሉኝ።

ስልኬን አየሁት፤ እውነትም ገና ነበር። ጋደም አልኩ። ሲጮህ ተነሣሁና ክንዳቸውን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ፀሐይዋ ፊቴ ላይ አረፈች። ስልኬን ደግሜ ባየው አሁንም አልረፈደም ይላል። እማማን እየጎተትኩ ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

መናኸሪያው ባዶ ነበር። ትኬት ቆራጩ ልጅ ብቻውን በሣር በተከደነው ራኩባ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል።

«የገንዳ ውሃ መኪኖችስ?»

«አይ እናቴ፣ ከሄዱ እኮ ቆዩ።»

«አሥራ ሁለት ሳይሞላ?» ስልኬን አሳየሁት። ሳቅ ብሎ የራሱን አሳየኝ። በእሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። «ስልክሽ ማዶ ገብቷል» አለኝ።

የእኛ ከተማ ሰው ይህን ያውቃል። ሱዳን ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ናት። የማዶው ኔትወርክ ገፋ አድርጎ በመጣ ቀን፣ ሰዓቱን በራሱ እንዲሞላ የተተወ ስልክ የእነሱን ሰዓት ይይዛል። ለዚህ ነው ሁላችንም ሰዓታችንን በእጅ የምንሞላው። የእኔም በእጅ ነበር የተሞላው። ልጁ ከፍቶ አየና «ይኼን በራሱ እንዲሞላ ያደረገው ማነው?» አለኝ። መልሱ ወዲያው ታየኝ። ከትርንጎ በቀር ስልኬን የነካካ ሰው የለም።

ያን ጊዜ ስልኩ እጁ ላይ እንዳለ ጮኸ። «እማየን አሳፍሪ።»

እማማ ፊታቸው በራ። ነጠላቸውን አስተካከሉና እግራቸውን አነሡ፤ የመኪናውን መውጫ ፍለጋ። «ይኸው ጠራችን። መኪናው የታል?» አሉኝ።

ክንዳቸውን ይዤ ቆሜ አለቀስኩ። እግራቸውን ቀስ ብለው መልሰው አወረዱት። ሳልነግራቸው ገባቸው።

ልጁ ኔትወርኩን ወደ እኛ መልሶ፣ ሰዓቱን አስተካክሎ ሰጠኝ። ወዲያው ትርንጎ ደወለች። ስደውል አጣሁሽ ብላ ጀመረች። አለመሳፈራችንን ስነግራት ጩኸቷ በእማማም በልጁም ጆሮ ገባ።

«ሆን ብለሽ ነው! ዓይኗ ቢበራ የምታደርጊያትን ታይብሻለቻ! እያወቅሽ አስቀረሻት!»

«ሰዓቱን ያበላሸሽው አንች ነሽ» አልኳት። አንቱ ማለቱ ያን ቀን አበቃ። ነገሩን ባስረዳት አልሰማ አለች። «እንቅልፍሽን ለጥጠሽ በስልክ ታሳብቢያለሽ» አለችኝ።

እማማ እጃቸውን ዘረጉ፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው።

«ትርንጎ፣ ዝም በይ» አሉ። «አንች ጎንደር ነው ያለሽው። እጄን የያዘችኝ እሷ ናት።» ክንዴን ያዙኝና ወደ ቤት ተመለስን።

በማግስቱ መኪና አግኝተን ሄድን። ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ጭነው ወጥተዋል። «ይመለሳሉ» አሉን፤ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ትርንጎ ግን ለዘመድ ሁሉ ደውላ፣ እናቷን ዓይኗን ያሳጣኋት እኔ እንደሆንኩ ተናግራ ጨርሳለች። ለሰርግ ስሄድ ፊታቸውን ያዞሩብኝ አሉ። ባለቤቴ ከማሳ ሲመለስ የመናኸሪያውን ልጅ ጠይቆ፣ ደውሎ ነገራት። «እሽ፣ ሊሆን ይችላል» ነው ያለችው። ለእነዚያ ለደወለችላቸው ሰዎች ግን መልሳ አልደወለችም።

ለጥምቀት ቀሚስ ይዛ መጣች። ድምፅዋን ሳታሰማ ገብታ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። እማማ ጭንቅላቷን ዳበሱ፤ ጸጉሯን ተኩሳ አሳጥራዋለች። «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። ትርንጎ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እኔ ቆሜ አየኋት። አንጀቴ አልራራም፤ ይኸው እውነቱን ልጻፈው።

የንስሐ አባታችን እስከ ዛሬ ታረቁ ይሉኛል። ለእሳቸው የሰጠሁት መልስ አንድ ነው። ሐኪሞቹ ተመልሰው ይምጡ፣ እማማም ይዳኑ። የልጃቸውን ፊት በዓይናቸው ባዩ ቀን እኔም አያታለሁ። ከዚያ በፊት አልችልም።