ሬሳ ሳጥን ቤት የተጋገረ ዳቦ

በከተማችን ዋና መንገድ ላይ አንድም ቤት በራሱ ስም ተጠርቶ አያውቅም። ስም የሚሰጠው ለሄደ ነው። መድኃኒት ቤቱ «በረቱ» ይባላል፤ መንገዱ ገና የከብት መንጃ ሳለ እዚያ ላም ይታለብ ነበርና። ባንኩ «ወፍጮው» ነው፤ ሥራ አስኪያጁም ከነከረባቱ «የወፍጮው ሰውዬ»። እኛ ቀኑን ሙሉ ወንበር የምናሞቅበት ሻይ ቤት ዱሮ ችሎት ስለነበር እስከ ዛሬ «ፍርድ ቤቱ» ነው። ሚስት «የት ቆየህ?» ስትል «ፍርድ ቤት» ማለት ውሸት አይደለም፤ አዝና እራት የምትጨምርም አለች።

እንግዳ መንገድ ሲጠይቀን የሌለ ከተማ እናሳየዋለን። «በረቱ ጋ ታጠፍ፣ ወፍጮውን እለፍ፣ ዛፉ ሥር ስትደርስ ቁም።» ዛፉ ከተቆረጠ ልጆች ተወልደው ጢም አብቅለዋል። ሆኖም በጠራራ ፀሐይ በዚያ የሚያልፍ ሰው ጥላ ያገኘ ይመስል ጃንጥላውን ያጥፋል።

በዚህ መንገድ ላይ ነው እንግዲህ በረዶ ዳቦ ቤት የከፈተችው። ዱቄት ከቅንድቧ ስለማይጠፋ በረዶ አልናት። የተከራየችው ቤት የሬሳ ሳጥን ሠሪው ነበር፤ ሰውየው በስተርጅና የገዛ እጁን ሥራ ለብሶ ሄዷል። ዳቦዋን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ሽታው ማለዳ ከጉም ጋር ተደባልቆ በመንገዱ ሲንሳፈፍ፣ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌዎች በእንቅልፍ ልባቸው ያኝካሉ፤ ወፍጮው ውስጥ ገንዘብ የሚቆጥሩት ቁጥር ይጠፋባቸዋል።

የሚገዛ ግን የለም። ማን ደፍሮ «ከሬሳ ሳጥን ቤት ትኩስ ትኩሱን አምጪ» ይላል? አንድ ጎረቤታችን ታሞ አልጋ ይዞ ሳለ ሚስቱ «ሬሳ ሳጥን ቤት ደርሼ መጣሁ» ስትል ሰምቶ፣ ሐኪም ያቃተው በሽታ በድንጋጤ ለቀቀው። ተነሥቶ በሩን ቆለፈባት።

በረዶ ከጨረቃ ላይ የሚነበብ ታፔላ አጻፈች፤ «ዳቦ ቤት» የሚል። ሰዉ ቆሞ አነበበና «የሬሳ ሳጥን ቤቱ ታፔላ እንዴት ያምራል!» አለ።

ዳቦው እያደረ መድረቅ ጀመረ። ታላቅ እህቷ ደግሞ ከሩቅ ሆና ታሾፋለች። «ንግድ ለአንቺ አይሆንም ብዬሽ ነበር። ጓዳዬ ውስጥ ፍራሽ አንጥፌልሻለሁ፤ ወሩ ሲያልቅ መጥቼ እወስድሻለሁ» ብላ ላከችባት። እህትየው ክፉ አይደለችም፤ ግን ጓዳዋ የገባ ሰው ሽንኩርት ሲልጥ ነው የሚያረጀው። በረዶ የፈለገችው በራሷ ቁልፍ የምትከፍተው በር ነበር።

አንድ ቀን እስከ ክርኗ ዱቄት ሆና ሻይ ቤት ገባች።

«እናንተ ወሬኞች! ዳቦ ቤት ማለት ምላስ ይሰብራል?»

«እትዬ በረዶ፣ ምን እናድርግሽ፣ አንቺ ገና አለሽ» አላት ፎቶ አንሺው ሻዩን እያማሰለ። «እኔስ? ስንቱን ሙሽራ አንሥቼ ቤቴ እስካሁን ሻማ ቤት ነው። በፊት ሻማ ይሠሩበት ነበራ።»

«ስለዚህ ስሙን እንዳገኝ ልሙትላችሁ?»

«ኧረ አፈር አይንካሽ! ከቤቱ መውጣት ይበቃል።»

ሁላችንም ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። ብርጭቆዋን ይዛ በመስኮቱ በኩል መንገዱን አየችው፤ እዚያ ያለውንም የሌለውንም።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤት እንቀያየር» አለች በመጨረሻ።

«ምን በወጣኝ ሬሳ ሳጥን ቤት የምገባው!»

«እኔ ስወጣ እኮ ዳቦ ቤት ይሆናል። ሳጥን ሠሪው እንጨት የሚመርጥበት ሰፊ መስኮትም አለው፤ ያንተ ጨለማ ቤት ውስጥ ሙሽሮቹ ሁሉ የታሰሩ ነው የሚመስሉት።»

«አንቺስ ምን ትሆኚ?»

«ፎቶ ቤት። ከፎቶ ቤት ዳቦ በልቶ የደነገጠ ሰው ሰምተሃል?»

ፎቶ አንሺው አሰበ፤ መስኮቱ አሸነፈው።

በጉማማ ማለዳ ተቀያየሩ። የብረቱን ምድጃ ግማሽ ከተማ ገፋው፤ የቀረው ግማሽ «ቀስ!» እያለ አገዘ። ከወዲያ በኩል ፎቶ አንሺው ደንበኞቹን የሚያነሣበት፣ ባሕር የተሳለበት ትልቅ ሸራ መጣ። ተሸካሚዎቹ በጉሙ ተውጠዋል፤ የሚታየው ማዕበሉ ብቻ ነው፣ ከነጀልባው አስፋልቱን ሲሻገር። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ «ባሕሩ ይለፍ እንጂ፣ ምን ያስቸኩለኛል» አለ።

በነጋታው ዘንቢል ያንጠለጠሉ አንዲት እማማ ፎቶ አንሺው በር ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ዳቦ ቤቱ ይሄ አይደል?»

«ነው፣ እማማ።»

«እስቲ ዳቦ ስጠኝ።»

«ዳቦ እንኳ ያለው ፎቶ ቤት ነው።»

«ልክ ነህ» ብለው ተሻገሩ። ምንም አልገረማቸውም። ከዚያ በኋላ ሌላው ተከተለ። በረዶ ከወዲያ ማዶ «ዳቦ ቤቱ ጋ ጠብቀኝ» የሚል ድምፅ በሰማች ቁጥር ሊጡ ላይ እጇን ታሳርፋለች፤ ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ትቆያለች።

ወሩ ሲያልቅ እህትየው መጣች። ዳቦ ቤቱን ጠየቀች፤ መንገዱ በአንድ ድምፅ ወደ ፎቶ አንሺው መራት። እሱም ማንም ይሁን ማን የገባውን ሰው አያሳልፍም፤ ነጠላዋን አስተካክሎ ባሕሩ ፊት አስቀመጠና ሳትዘጋጅ አነሣት። እህቷ ያለችው ፎቶ ቤት መሆኑን ሲነግራት ዓይኗ እየተጭበረበረ ወጥታ ተሻገረች።

ፎቶ ቤቱ በር ላይ ሰልፉ እስከሌለው ዛፍ ጥላ ድረስ ተዘርግቷል። ፎቶ ልትነሣ መጥታ ሽታው ያስቀራት ሙሽራ ቬሏን ሰብስባ መጨረሻ ላይ ቆማለች።

«አንቺ! ዕቃሽን ሸክፊ፣ ልወስድሽ ነው የመጣሁት!» አለች እህትየው በሰዉ አናት ላይ እየጮኸች።

በረዶ ቀና ብላ አየቻት። ፊቷ ከዱቄቱ ጋር አበራ።

«እታለም፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ሰልፉ ከሙሽራዋ ኋላ ነው።»

እህትየው ልትናገር አፏን ከፈተች። የዳቦው ሽታ ቀድሞ ገባ። አፏን ዘጋችና ከሙሽራዋ ኋላ ቆመች።