ማሬ እና አላልቅ ያላት የጃፓን ጌም

ማሬ ጆይስቲኩን ገልብጣ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። አራቱን ብሎኖች በቀጭን ካቻቢቴ ትፈታና እንዳይጠፉባት ጠርሙስ ክዳን ውስጥ ትጥላቸዋለች። ሽፋኑን በጥፍሯ ፈልቀቅ አድርጋ ትከፍታለች፤ ባትሪውን ትነቅላለች። ከዚያ ጥጥ በአልኮል ነክራ አውራ ጣት የሚገፋውን መዘወሪያ ከሥሩ ትጠርጋለች። የሚወጣው ሁሌም አንድ ነው፤ የቆሎ ፍርፋሪና በላብ የተለወሰ አቧራ።

«ቆሎ እየበላችሁ አትጫወቱ ብዬ ብለጥፍ፣ ወረቀቱ ሥር ቆመው ይቆረጥማሉ» ትላለች ቀና ሳትል። መልሳ ገጥማ ስታበቃ እያንዳንዱን ቁልፍ ተጭና ትሞክራለች።

ጌም ቤቷ ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ ነው። ሁለት ቴሌቪዥን አላት። አንዱ ላይ ቀኑን ሙሉ ኳስ ነው። ሌላው ላይ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ የጃፓኑን ጌም ትጫወታለች። ኩዌት ሰው ቤት ስትሠራ የአሠሪዎቿ ልጅ ስትጫወተው፣ ማሬ ልብስ እየተኮሰች በዓይኗ ትከታተል ነበር። ታሪኩ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ሰባት አገር ስለምታቋርጥ ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ ደንበኞች ቀጥቃጯን፣ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ባሠሩበት በጋፋት ስም፣ «የጋፋቷ» ይሏታል። ማሬ ኮንትራቷ አልቆ አገሯ ስትገባ ወንድምየው ገና አልተገኘም። ሲዲውን ገዝታ የመጣችው ለዚህ ነው፤ ተገኘ ወይስ አልተገኘም? ይኸው ሦስት ዓመቷ።

ስታመሰግነው አጭር ነው። «ይጠብቃል» ትላለች። ውጊያው በተራ ስለሆነ ለቀጥቃጯ ትእዛዝ እስክትሰጪ ድረስ ጠላትሽ ሰይፉን መዞ ይቆማል። ደንበኛ አስተናግዳ ስትመለስ ያው እንደቆመ ነው። ለተሸነፈም ምሕረት አለው፤ ካላጠፉት ያንኑ ውጊያ እንደገና ያስጀምራል። መንደሮቹም ሰው አላቸው፤ ድልድይ የፈረሰ ዕለት ዳቦ ሻጯ ሳትቀር ወሬዋን ትቀይራለች።

ማማረር ስትጀምር ግን ማቆሚያ የላትም። አንዱ ሽማግሌ «ጊዜ የለንም» ብሎ ይጀምርና ሩብ ሰዓት ያወራል፤ መዝለል አይቻልም። አንድ መድኃኒት ለማጠጣት አምስት ሰሌዳ ይከፈታል። ፊደሉ ዓይን ያጠፋል። ከሁሉ የከፋው ሴቭ ማድረጉ ነው፤ የደረስሽበትን የሚይዝልሽ አልፎ አልፎ የተተከለ ሐውልት ጋ ስትደርሺ ብቻ ነው።

«መብራት የማይጠፋባቸው ሰዎች ናቸው የሠሩት» ትላለች። «በዚሁ ይታወቃል።»

ባለፈው ጥቅምት የመጨረሻው ግንብ ላይ ደረሰች። አንድም ሐውልት ሳታገኝ ለሦስት ሰዓት ተኩል ወጥታ፣ በሩን ከሚጠብቀው አውሬ ጋር ገጠመች። ያኔ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ከገሳይ ከተማ የላኩላት ገብስ መናኸሪያ ደርሷል፤ የሚኒባሱ ረዳት ቶሎ ነይ እያለ ነው። ደሴ፣ ባጃጅ ነጂው ደንበኛዋ፣ የኳስ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

«ደሴ፣ ይቺን ያዝልኝ። ምንም እንዳትነካ።»

«ሂጂ ባክሽ፣ አልበላውም።»

ገብሷን አሸክማ ስትመለስ ቴሌቪዥኑ ጠቁሯል። ጆይስቲኩ በሥርዓት ቻርጅ ላይ ተሰክቷል።

«ምን አደረግኸው?»

«ዝም ብሎ ሲያፈጥብኝ አንዴ መታሁት። ከዚያ እሱ መታኝ። ተሸነፍኩ።»

«ይሁን፣ ተሸነፍክ። አጥፋው ያለህ ማነው?»

ደሴ በአገጩ ግድግዳውን አሳያት። «የተሸነፈ አጥፍቶ ይነሣ» ይላል፤ የራሷ የእጅ ጽሕፈት ነው። የለጠፈችው ኳስ የተሸነፈ ሁሉ ተራ ሳይለቅ እንደገና እየጀመረ ስላስቸገራት ነበር። ደሴ ደግሞ ደንብ አክባሪ ነው።

«አውሬው ግን የዋዛ አይደለም፤ በሁለት ምት ነው የዘረረኝ» አላት።

«ሂድና ኳስህን ተጫወት።»

ከዚያ ወዲህ ግንቡን ሁለት ጊዜ ወጥታለች። አንዴ መብራት መሃል ላይ ጥሏት ሄደ። አንዴ አውሬውን ገድላ በሩን ስትከፍት ሄደ። ከበሩ በኋላ ምን ያህል መንገድ እንደቀረ አታውቅም፤ ያናደዳትም ይኸው ነው። ስለዚህ አንባቢን አንድ ነገር ትለምናለች።

«ይህን ጌም የጨረሳችሁ ካላችሁ፣ ወንድሟ መገኘት አለመገኘቱን እንዳትነግሩኝ። ከበሩ በኋላ ሐውልት ካለ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግንቡን እወጣዋለሁ። ከሌለ ከጎረቤት ጄኔሬተር እለምናለሁ። አለ ወይስ የለም? እሷን ብቻ ንገሩኝ።»