ከአባቴ ፊት የተነበበ መርዶ

በቀደም ሐኪሟ የልጅ ልጄ ስልኳ ላይ የአንድ በሽተኛ ፎቶ አሳየችኝ። የዓይኑ ዙሪያ ጠቁሯል፤ ያበጠ ምላሱ ላይ የጥርሱ ምልክት ታትሟል። «አባቴ!» አልኩ ሳላስበው።

ጣሊያን መተማን ይዞ በነበረበት ዘመን አባቴ ታመመ። እግሩ አበጠ፣ ምላሱ ወፍሮ አንደበቱ ተኮላተፈ። ባሳለ ቁጥር የዓይኑ ዙሪያ ደም ይቋጥራል። ታናሽ ወንድሙ ከአርበኞች ጋር ጫካ ነበር፤ ለሰው ግን ሱዳን ለንግድ ሄደ ነው የምንለው። ባንዳዎቹ ከአጥራችን ማዶ ሰፍረው ስለነበር ሳቃችንን እንኳ እንፈራው ነበር።

አንድ ቀን ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ እናቴ የተናጠውን ቅቤ ከቅሉ እያወጣች ሳለ የአጎቴ ሚስት ውሃ ቀድታ ገባች። ለወር ያህል ወላጆቿ ዘንድ ከርማ መመለሷ ነበር፤ ውሃውን የቀዳችው በመንገዷ ነው። የአባቴን ዓይን ስታይ እንስራው ከጀርባዋ ወርዶ ተከሰከሰ። በኛ አገር መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ሰው ቀድሞ ከዘመድ ፊት ያነበዋል። ባሏ ሞቶ አባቴ በስውር ፊቱን እየመታ ያለቀሰ መሰላት።

«ሞተ በሉኛ! ምነው ደበቃችሁኝ?»

እናቴ ዘላ አፏን አፈነቻት። «ዝም በይ፣ ታስፈጂናለሽ! አልሞተም!»

ማን ይመን? መርዶ የሚደብቅ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ልቅሶ ከተሰማ ደግሞ ማን ሞተ ተብሎ ይጠየቃል፣ የአጎቴ አርበኝነት ይወጣል፣ ቤታችንም ይቃጠላል። የባንዳዎቹ ወሬ ቀጥ አለ። አባቴ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ያ ምላሱ አልታዘዝ አለው።

ይሄኔ እየተንፏቀቀ ሄዶ ቅቤውን በእፍኙ ዘገነና፣ ሻሿን ገፎ አናቷን ለቀለቀው። ሐዘንተኛ ቅቤ አይቀባም። ግንባሯ ላይ እየቀለጠ ሲወርድ ባሏ በሕይወት እንዳለ ገባት፤ ትንፋሿም ተመለሰ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ አንዱ ከአጥሩ ማዶ።

«እንስራ ተሰብሮ ነው፣ ጌታዬ» አለች እናቴ።

ይህን ስነግራት የልጅ ልጄ «ሳይመረመር እርግጠኛ መሆን ባይቻልም» ብላ አስረዳችኝ። ሰውነት የሚሠራው ፕሮቲን አስተጣጠፉ ሲበላሽ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ምላስ፣ ኩላሊትና ልብ ውስጥ እየተከማቸ ያደነድናቸዋል፣ የደም ሥሩንም በቀላሉ የሚደማ ያደርገዋል። እኛ ምች ነው፣ ቡዳ ነው እያልን ጠበል ስናመላልሰው ነው ልቡ የቆመው። ሰምቼ ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ አላውቅም።

አባቴን ከቀበርን ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን ወጣ፤ አጎቴም በእግሩ መጣ። ሴቶቹ እልል እያሉ ለሚስቱ ቅቤ ይዘው ገቡ። እሷ ባሏ አጠገብ እንደቆመች ሻሿን አጥብቃ አሰረች።

«ተዉኝ» አለቻቸው፣ «ሐዘንተኛ ነኝ እኮ።»