ሶፋ የሞላበት መድረክ

ሚዛን ተፈሪ ላይ ሁለተኛ ዲግሪዬን ልጨርስ አንድ ወር ሲቀረኝ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የትወና ውድድር ማስታወቂያ ተለጠፈ። ያሸነፈ አዲስ አበባ ሄዶ እውነተኛ ቴአትር ቤት ውስጥ ይጫወታል ይላል። እኔ እስከዚያ ቀን የተጫወትኩት ክፍል ውስጥ፣ ወንበር ገፍቼ ነው። ከተመረቅኩ ደግሞ ማን ያስገባኛል? ተመዘገብኩ።

ያዘጋጀሁት የአሥር ደቂቃ የብቻ ተውኔት ነው። መሬት ቁጭ ብላ ጥቁሩንና የተሰበረውን ቡና ከደህናው የምትለይ ሴትዮ፤ አለቃዋን ፊቱ ላይ «እሺ ጌታዬ» ትለዋለች፣ ዘወር ሲል ሙልጭ አድርጋ ትሰድበዋለች። ቴፒ ያለችው አክስቴ ሥራዋ ይኸው ነው። ሁለት ቅዳሜ አጠገቧ ተቀምጬ ተለማመድኩ።

«ወገብሽ እንደ ካድሬ ቀጥ አለ፤ እጠፊው!» ትለኛለች። «ቡና ለቃሚ ወገብ የላትም።»

የውድድሩ ቀን አዳራሽ ስገባ መድረኩ ላይ አራት ሶፋ ተደርድሯል። እኛ አገር የክብር እንግዳ ከፍ ብሎ ካልተቀመጠ የተከበረ አይመስለንም። ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ የታሸገ ውሃ፣ ዳኞቹም እዚያው ጎን ለጎን። ለተዋናይ ቦታ የለም። የትወና ውድድር ነው እንግዲህ!

አስተባባሪው መምህራችን ነው። ሄድኩበት።

«መምህር፣ ሶፋዎቹ አይነሱም እንዴ?»

«እንግዶቹን ተነሱ ልበል? አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም?»

«እኔስ የት ልጫወት?»

«ከታች። ሰፊ ነው።»

«ፊቴንስ ወዴት ላዙር?»

አሰበ። የምሬን ነው፣ አገጩን ይዞ አሰበ። «ወደ ሁለቱም» አለኝ።

ከእኔ በፊት አንድ ገጣሚ ተወዳዳሪ ቀረበ። ፊቱን ወደ ሶፋዎቹ አዙሮ ተገትሮ፣ የኮቱን ጀርባ ለእኛ ትቶ «ሀገሬ! ሀገሬ!» እያለ ጮኸ። በመሃል እንግዶቹን አንድ በአንድ በየማዕረጋቸው አመሰገነ። ግጥም ውስጥ! አጨበጨቡለት። አንደኛው ስልኩን ሳይዘጋ ነው ያጨበጨበው።

ተራዬ ደረሰ። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ፊቴን ወደ ሶፋዎቹ። ለምን እዋሻለሁ፣ አዲስ አበባን ፈልጌ ነው። ከኋላዬ ተመልካቾቹ ወዲያው ጀመሩ።

«ኧረ አይሰማም!»

«እህት፣ ፊትሽን እንይ እንጂ!»

ከዚያ ሁሉ መሃል የአክስቴን ድምፅ ለየሁት። ከቴፒ በጠዋት መኪና መጥታ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። «ዙሪ አንቺ!» አለች፣ እቤቷ ያለች ይመስል።

አለቃውን የምሰድብበት ቦታ ላይ ደርሻለሁ። ዞርኩ። ሶፋው ሁሉ ከኋላዬ ቀረ፤ ስድቡን ለአዳራሹ ለቀቅኩት። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እንግዶቹ ማን እንደተሰደበ ግራ ገብቷቸው ፈገግ ብለዋል አሉ፤ እኔ አላየሁም። እስከ መጨረሻው ተመልሼ አልዞርኩም።

ውጤት ሲነበብ ዋና ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ትወናዋ ጥሩ ነበር። ሆኖም ለክብር እንግዶች ጀርባዋን ሰጥታለች፤ በሥነ ምግባር ነጥብ ቀንሰናል።»

ገጣሚው ለሁላችንም ጀርባውን ሰጥቶ አንደኛ ወጣ። ለእኛ የተሰጠውን ጀርባ ማን ይቆጥራል!

መምህሩ ሰርተፍኬቴን ሲሰጠኝ ትከሻዬን ቸብ አደረገ። «አይዞሽ፣ ለከርሞ እነሱን እያየሽ ተጫወቺ።»

«ለከርሞ ተማሪ አይደለሁም፣ መምህር።»

«ለካ!» አለና ከእንግዶቹ ጋር ፎቶ ሊነሳ ሮጠ።

አክስቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«አዲስ አበባ ቀረ?»

«ቀረ።»

«እኔ ነኝ ዙሪ ያልኩሽ።»

«ራሴ ነኝ የዞርኩት» አልኳት። ደግሞም ቆጭቶኛል፤ ጀግና ልሁን ብዬ አልቆጨኝም አልልም። ለእነዚያ ሶፋዎች ግን እንኳን አሥር ደቂቃ፣ ያቺ የመጀመሪያዋ ደቂቃም በዛቻቸው።