ጥላሸት የመሰለኝ የጎራዴ ሞገድ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። የሰው ጎራዴ በድስት ሽቦ ፈተግሁ። ይባስ ብዬ ጥፋቴ በንጹሕ ሰው ላይ ሲላከክ እያየሁ ዝም አልኩ። ዝም ብቻ ባልኩ! አብሬም ተሳደብኩ።

በስደት በምኖርበት ፓርክዴል ሰፈር፣ ከቤቴ በር ፊት ለፊት፣ ሚስተር ሃርጂት የሚባሉ ሕንዳዊ አዛውንት ይኖራሉ። የአገራቸውን የጥንት ጎራዴ ይሰበስባሉ። አንድ ጊዜ ብራምፕተን ከተማ ልጃቸው ጋ ሲሄዱ፣ አበባ እንዳጠጣላቸው ቁልፋቸውን በአደራ ሰጡኝ። አበባውን አጠጣሁ። እዚያ ላይ ባቆምስ ምን ነበረበት? አዲስ የገዙት ጎራዴ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ ብረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥላሸት የጠጣ ይመስላል። ሴት የሌለበት ቤት ብዬ አዘንኩ። እጅጌዬን ሰብስቤ ፈተግሁ። ፊቴ እስኪታየኝ ፈተግሁ። ኮራሁም።

ሲመለሱ የጎራዴው ሞገድ ጠፍቶ ቢያዩት ጮኹ። ሌላ ጎራዴ አውጥተው አሳዩኝ። እውነተኛው የጥንት ብረት ከውስጡ የሚወጣ፣ የወንዝ ሞገድ የመሰለ መስመር አለው፤ አጭበርባሪ ግን ላዩን በአሲድ ይስለዋል፣ እሱም ቶሎ ይለቃል አሉኝ።

«ይህን የሸጠልኝ የኤግሊንተን ጎዳናው ባለሱቅ አታለለኝ፤ ይኸው ለቀቀ! ሌባ አይደለም፣ ማማ?»

«ሌባ ነው!» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ በዚህ አፌ።

ባለሱቁ ዕቃዬ እውነተኛ ነው፣ መልሼ አልወስድም አለ። ሚስተር ሃርጂት ጎራዴውን አልጋ ሥር ወረወሩት። ክረምቱን ሙሉ ሊፍት ውስጥ ላገኙት ሁሉ የሰውዬውን ስም ሲያጠፉ፣ እኔ ከጎናቸው ቆሜ ልክ ነው እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ። ፈርቼ ነው ብል ማን ያምነኛል? እኔ እኮ የሕንፃውን አስተዳዳሪ የማስለቅስ ሴት ነኝ።

በረዶው ሲቀልጥ አውቶቡስ ልሳፈር ስል አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ቀደመኝ። «የሰው ተራ ስትሰርቅ አታፍርም?» ብዬ ጮኽኩበት። ወዲያው የገዛ ቃሌ ወደ ራሴ ዞረ። አፋሪዋ ማን መሆን ነበረባት? አውቶቡሱን ትቼ ተመለስኩና የሚስተር ሃርጂትን በር ደበደብኩ። የፈተግሁት እኔ ነኝ አልኳቸው።

 እሳቸውም ጎራዴውን ከአልጋ ሥር አውጥተው የብረቱን ሞገድ የሚያወጣ ፈሳሽ ቀቡት። ሞገዱ ከብረቱ ውስጥ ቀስ እያለ ተመልሶ መጣ፤ ጎራዴው እውነተኛ ነበር። የባለሱቁ ስምስ እንዲህ በቅባት ይመለሳል?

አብረን ኤግሊንተን ሄድን። በገበያተኛው ሁሉ ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሌባ አይደለህም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት። ባለሱቁ እጆቼን አየ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ጎራዴዎቹን አየ።

«ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ማማ» አለኝ። «ግን እስኪወጡ ድረስ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉልኝ።»