ብብትና ማጅራት

ሄሮን ሰፈር ለሦስት ቤት ልብስ አጥባለሁ። የሰው ልብስ ሲሰጠኝ ባለቤቱ ምን እንደበላ፣ የት እንደተቀመጠ ከእድፉ አውቃለሁ። በራሴ ልጆች ልብስ ግን ተሳሳትኩ።

የአስራ ዘጠኝ ዓመቱ ልጄ የሸሚዙ ኮሌታ ደምና መግል ይዞ ይመጣ ነበር። ማጅራቱና መቀመጫው ላይ ብጉንጅ ይወጣበታል። «ሙቀቱ ነው፤ ወንድ ልጅ ነው፣ ያልፍለታል» እያልኩ አሽቼ አሰጣለሁ። የታናሽ እህቱም ቀሚስ ብብቱ ጋ እንደዚያው ነበር። እሷን ግን «አትታጠቢም» አልኳት። ትደብቀኛለች፤ በዚያ ሙቀት ሹራብ ትለብሳለች። እኛ የምንኖርበት ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሰፈር ቤቱ ሁሉ የተጣበቀ ነው። ጎረቤት «ልጅቷ ትሸታለች» እንዳይል ፈራሁ። ፍርሃቱ እንቅልፍ ነሳኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ያዝኳት። ሹራቧን በላይዋ ላይ ቀደድኩት። ክንዷን ከግድግዳው ጋር አጣብቄ ብብቷን በጨውና በሎሚ፣ በልብስ ብሩሽ ፈተግኩት።

«እማ፣ ተይኝ! ቁስል ነው!»

«ቆሻሻ ነው!»

ብጉንጁ ፈነዳ። እየጮኸች ክንዴን ነከሰችኝ። በጥፊ መታኋት። ከዚያም መፈተጌን ቀጠልኩ።

ወንድሟ ከቤት ሮጦ ወጥቶ በወገቤ ይዞ ጎተተኝ።

«ልትገያት ነው እንዴ?»

«አንተ አያገባህም!»

ታግዬ ዞርኩና በብሩሹ እንጨት ሰነዘርኩበት። ጎንበስ ሲል ማጅራቱን አገኘሁት። በጉልበቱ ወደቀ። ልደግፈው ስል ደምና መግሉ እጄ ላይ ፈሰሰ። አንዱ እጄ ላይ የእሷ፣ አንዱ እጄ ላይ የእሱ። ሽታው አንድ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱንም ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሀኪሙ ሁለቱንም አይቶ በፈረንሳይኛ ተናገረ። እኔ አልሰማም፤ ልጄ ፊቴን ሳታይ ተረጎመችልኝ።

«የሁለታችንም በሽታ አንድ ነው ይላል። ቶሎ የማይለቅ የቆዳ በሽታ ነው። ሴት ላይ ብዙ ጊዜ ብብት፣ ጡት ስርና ብሽሽት ላይ ይወጣል፤ የወር አበባ ሲደርስ የሚብስባቸው አሉ። ወንድ ላይ ማጅራትና መቀመጫ ላይ ይበዛል። ባለመታጠብ አይመጣም ይላል። መፈተግ ያባብሰዋል ይላል።»

«እንደዚያ አለ?»

«ካላመንሽኝ ሌላ ሰው ይተርጉምልሽ።»

ወንድሟ ሊያስቃት ፈልጎ «እኔ ወንድ ስለሆንኩ በእንጨቱ በኩል ነው የደረሰኝ» አለ። አልሳቀችም።

አሁን የሁለቱንም ቁስል የማሽገው እኔ ነኝ። እሱ እንደጠራሁት ማጅራቱን ይሰጠኛል። እሷ ግን በየቀኑ «መጀመሪያ እጅሽን አሳዪኝ» ትላለች። ሁለቱንም እጄን ዘርግቼ፣ ገልብጬም አሳያታለሁ። ያኔ ክንዷን ታነሳልኛለች፤ እስከ ትከሻዋ ድረስ ብቻ።